ላብ በማይደርቅበት አገር፦ ደገኛ መንገደኛና የሙቀት ፊዚክስ

የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ ሰው ስለ አየር ንብረት መጀመሪያ የሚማረው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከመንገድ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ካላት ከመሐል ሜዳ ተነሥቶ ወደ ጀማ ሸለቆ የሚወርድ ሰው ብርዱን ከኋላው ትቶ ቆላ ይገባል። በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ ዝቅታ የአየሩ ሙቀት በ6.5 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ይጨምራልና። አባቶቻችን ምድሩን ውርጭ፣ ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላና በረሃ ብለው የከፈሉት ይህንኑ አስተውለው ነው።

ዛሬ ግን ቁልቁለቱ በጀማ አያበቃም። ከደጋው ተነሥተው በባሕር ዳርቻ ወደሚገኙት ጅዳ፣ ኩዌትና ዱባይ የሚሄዱ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። ለጉዞው ገንዘብና ፓስፖርት ይዘጋጃል፤ የሰውነት ዝግጅት ግን ይዘነጋል። ደገኛ ብርድን በበርኖስና በዝተት መመከት ያውቅበታል። ሙቀትን ለመመከት ግን ሰውነት ያለው ዋነኛ መሣሪያ አንድ ነው፤ እርሱም ላብ ነው።

ላብ እንዴት ያቀዘቅዛል?

ሰውነታችን ዐርፎ ሳለ እንኳ 100 ዋት ገደማ ሙቀት ያመነጫል፤ ከበድ ያለ ሥራ ሲሠራ ደግሞ 400 ዋትና ከዚያም በላይ ይደርሳል። አየሩ ከቆዳችን ሲቀዘቅዝ ሙቀቱ ወደ አየሩ ይተላለፋል። አየሩ ከቆዳችን ሙቀት፣ ማለትም ከ35 ዲግሪ ገደማ ሲበልጥ ግን ፍሰቱ ይገለበጣል፤ ያን ጊዜ የሚቀረው መውጫ ትነት ብቻ ነው። አንድ ሊትር ላብ ከቆዳ ላይ ሲተን 2,400 ኪሎ ጁል ገደማ ሙቀት ይወስዳል። 400 ዋት በሰዓት 1,440 ኪሎ ጁል ስለሆነ፣ ይህን ለማስወገድ በየሰዓቱ 0.6 ሊትር ላብ መትነን አለበት።

ልብ በሉ፤ የሚያቀዘቅዘው የሚተነው ላብ እንጂ የሚንጠባጠበው አይደለም። በክረምት ጉም ሲወርድ በመንዝ የታጠበ ልብስ ውሎ አድሮ የማይደርቀው አየሩ በውኃ ተን ስለ ጠገበ ነው። በባሕር ዳርቻ ከተሞች ላባችንን የሚገጥመው ይኸው ነው።

ሳይንቲስቶች ይህን የሚለኩት እርጥብ ጨርቅ በተጠቀለለበት ቴርሞሜትር ነው። ሙቀቱ 45 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 10 በመቶ በሆነ በረሃ ይህ ቴርሞሜትር 21 ዲግሪ ገደማ ያሳያል። ሙቀቱ 36 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 75 በመቶ በሆነ የባሕር ዳርቻ ግን 32 ገደማ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ የፔንሲልቬኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሙከራ እንዳሳየው፣ በእርጥበታማ አየር ጤነኛ ወጣቶች የሰውነታቸውን ሙቀት መቆጣጠር ያቃታቸው ንባቡ 31 ገደማ ሲደርስ ነው። ስለዚህ 45 ዲግሪ ከ36 ዲግሪ ይልቅ ሊቻል ይችላል፤ ይህም ውኃ እስካለ ድረስ ነው።

ውኃና ሕጋዊ ወረቀት

አንዳንድ ወጣቶች የአፋርን በረሃ አቋርጠው በጅቡቲ በኩል ወደ ኦቦክ፣ ከዚያም በጀልባ ወደ የመን ይሻገራሉ። ከላይ ባሰላነው መጠን በቀን 10 ሰዓት የሚጓዝ ሰው 6 ሊትር፣ በሦስት ቀን 18 ሊትር ውኃ ያስፈልገዋል። ይህ 18 ኪሎ ግራም ሸክም ነው፤ ከፀሐይና ከአሸዋ የሚመጣው ሙቀት ገና አልተቆጠረም። ባለ ሁለት ሊትር ጠርሙስ ከሦስት ሰዓት ተኩል በፊት ያልቃል። ደላላ ምንም ቢምል ይህን ስሌት አይለውጠውም።

እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 በመካ በሐጅ ወቅት ሙቀቱ 51.8 ዲግሪ ደርሶ ነበር። የሳውዲ ዐረቢያ መንግሥት እንዳስታወቀው 1,301 ሰዎች ሲሞቱ፣ ከእነዚህ 83 በመቶው ፈቃድ የሌላቸውና መጠለያ አጥተው በፀሐይ ረጅም መንገድ የተጓዙ ነበሩ። ሕጋዊ ወረቀት ጥላም ጭምር ነው።

ለመንገደኛው

ሰውነት ሙቀትን ቀስ በቀስ ይለማመዳል፤ ለዚህም ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ያስፈልገዋል። በእነዚህ ቀናት ከባድ ሥራን በአንድ ጊዜ አትጀምሩ፤ ጥማት ሳይሰማችሁ ጠጡ፤ ብዙ ካላባችሁ ጨው ያለበት ምግብ ወይም ኦ.አር.ኤስ. ውሰዱ። በበጋ በቀጥታ ፀሐይ ሥር መሥራት በሳውዲ ዐረቢያ ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት፣ በኩዌት ከ5 እስከ 10 ሰዓት በሕግ የተከለከለ መሆኑን ዕወቁ። የቤት ሠራተኛዋን ግን ይህ ደንብ ከምድጃ ሙቀት አያድናትም፤ ስለዚህ የመጠጥ ውኃና የዕረፍት ጊዜ ጉዳይ አስቀድሞ ይነገር። የፓስፖርትና የሥራ ውል ቅጂ ለቤተ ሰብ ይተው።

ሙቀት የመታው ሰው ቢቃዥ፣ ቢዘባርቅ ወይም ራሱን ቢስት ጊዜ የለም። ወደ ጥላ አግቡት፤ ልብሱን አላሉ፤ ገላውን በውኃ አርሳችሁ አራግቡለት። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ውኃ አታፍስሱ። አምቡላንስ በሳውዲ ዐረቢያ በ997፣ በተባበሩት ዐረብ ኤሚሬትስ በ998፣ በኩዌት በ112 ይጠራል። እነዚህን ቁጥሮች ከመነሣታችሁ በፊት በስልካችሁ መዝግቡ፤ የሚሄድ ወንድም ወይም እኅት ካላችሁም ዛሬውኑ ስጧቸው።