ጉንዳን አለቃ የላትም፤ ጨዋታውን የሚገዛው ግን አለቃ መሆን ይፈልጋል

ቢጫዋን ጉንዳን ሸረሪት በላት። ተጫዋቹ ጨዋታው ያለቀ መሰለው። ወዲያው ግን ከጎጆው እንቁላሎች አንዱ ተፈልፍሎ ሌላ ቢጫ ጉንዳን ወጣችና ሥራው ከቆመበት ቀጠለ። በሌሎች የኮምፒዩተር ጨዋታዎች ጀግናው ሲሞት ተጫዋቹ ይከስራል። እዚህ ግን የሞተው አንድ ሠራተኛ እንጂ ድርጅቱ አይደለም። ሲምአንት የተባለው ይህ ጨዋታ ማክሲስ በተባለ የካሊፎርኒያ ኩባንያ ተሠርቶ ገበያ ላይ የዋለው በ1991 ነበር (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ከዚያ ወዲህ ከሠላሳ ዓመት በላይ አልፏል። የጉንዳንን፣ የንብን ወይም የምስጥን ኑሮ ጨዋታ አድርጎ ለመሸጥ የተነሳ ኩባንያ ሁሉ ግን ዛሬም ያንኑ ጥያቄ ይጋፈጣል። ለመሆኑ ገንዘቡን የከፈለው ተጫዋች በጎጆው ውስጥ ማን ነው? ንግሥቲቱ ናት? አንዷ ሠራተኛ ናት? ወይስ ጎጆው ራሱ? ጥያቄው የፍልስፍና ይምሰል እንጂ የሽያጭ ጥያቄ ነው። ምክንያቱም ሳይንስ የሚሰጠው መልስና ገዢው ሊሰማ የሚፈልገው መልስ አይገጥሙም።

"ንግሥት" የሚለው ስም ራሱ ያሳስታል። የአገራችን ንብ አናቢ "አውራ" ሲላት ወንድም፣ አዛዥም አድርጎ ይቆጥራታል። በአውሮፓም ቢሆን እስከ 17ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ብዙዎች "ንጉሥ" ይሏት ነበር። እርሷ ግን እንቁላል ትጥላለች እንጂ "ሂዱ፣ ቆፍሩ፣ ተዋጉ" የሚል ትእዛዝ አታስተላልፍም። በጎጆው ውስጥ ትእዛዝ የሚሰጥ የለም።

ታዲያ ሥራው በማን ይመራል? የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲዋ ፕሮፌሰር ዲቦራ ጎርደን በአሪዞና በረሃ ዘር ለቃሚ ጉንዳኖችን ለአሥርት ዓመታት ሲከታተሉ ያገኙት መልስ ለነጋዴ እንግዳ አይሆንም። ለመውጣት የተዘጋጀችው ጉንዳን በጎጆው ደጃፍ ትጠብቃለች። ዘር ይዘው የሚመለሱትን በአንቴናዋ እየዳሰሰች ታሸታለች። ተመላሾቹ ቶሎ ቶሎ ከመጡ ትወጣለች፤ ከዘገዩ ትቀመጣለች። በመርካቶ አንድ ነጋዴ ማንንም ሳይጠይቅ የተሸካሚውን ምልልስ አይቶ ገበያው መድራቱን እንደሚያውቀው ማለት ነው። አንዷ ብቻዋን ብዙ አታውቅም፤ ምልልሱ ግን ለሁሉም ይናገራል።

የሲምአንት ፈጣሪ ሚስተር ዊል ራይት ይህን ዓለም የተዋወቁት በሥነ ሕይወት ሊቁ በኤድዋርድ ዊልሰን ሥራዎች ነበር። ዊልሰን ከበርት ሆልዶብለር ጋር ስለ ጉንዳኖች የጻፉት ትልቅ መጽሐፍ በ1990 ወጥቶ በ1991 የፑሊትዘር ሽልማት አግኝቷል። ሚስተር ራይት በበኩላቸው አሸናፊና ተሸናፊ የሌለበትን ሲምሲቲን ይዘው ለዓመታት አሳታሚ ሲያጡ የኖሩ፣ በ1987 ከጄፍ ብራውን ጋር ማክሲስን መሥርተው በ1989 ጨዋታውን ለገበያ ያበቁ ሰው ናቸው። አለቃ የሌለውን ጎጆ ለመሸጥ መድፈራቸው ከዚሁ ልምድ የመጣ ሳይሆን አይቀርም።

መፍትሔያቸው ሁለት ወንበር ማዘጋጀት ነበር። በአንድ በኩል ተጫዋቹ ቢጫዋን ጉንዳን ይዞ ይሮጣል፣ ምግብ ይሸከማል፣ ከቀይ ጉንዳኖች ጋር ይናከሳል። በሌላ በኩል ሁለት ባለ ሦስት ማዕዘን መቆጣጠሪያዎች ተሰጡት። በአንደኛው የጎጆው ጉልበት ለምግብ ፍለጋ፣ ለቁፋሮና ለእጭ እንክብካቤ በምን ያህል እንደሚከፋፈል ይወስናል። በሁለተኛው የሚፈለፈሉት ሠራተኞች፣ ወታደሮች ወይስ አዲስ ጎጆ የሚመሠርቱ ባለ ክንፎች ይሁኑ የሚለውን ይመርጣል። አንደኛው ወንበር ለገዢው ስሜት የተዘጋጀ ነው። ሁለተኛው የዳይሬክተሮች ቦርድ ወንበር ነው። እውነቱ ያለው በሁለተኛው ላይ ነው።

የሁለተኛውን ወንበር ዋጋ ለመረዳት የጎጆውን ሒሳብ መሥራት ያስፈልጋል። ሠራተኛዋ ጉንዳን ካፒታል ናት፤ ታመርታለች፣ ታረጃለች፣ ትተካለች። ወታደሯ የመድን ክፍያ ናት፤ አደጋ እስኪመጣ ድረስ ወጪ ብቻ ናት። ክንፍ አውጥታ የምትበረው አዲሷ ንግሥት ደግሞ የትርፍ ድርሻ ናት። በዝግመተ ለውጥ ዘንድ የሚቆጠረው ይህ የመጨረሻው ብቻ ነው። ሚሊዮን ሠራተኛ ያላት ነገር ግን አንዲት ንግሥት ያላወጣች ጎጆ ከስራ እንደ ተዘጋች ድርጅት ናት።

ጥያቄው እንግዲህ ትርፉ መቼ ይከፋፈል የሚለው ነው። በቀዝቃዛ አገር ያሉ ተርቦች ጎጆ የሚቆየው አንድ ወቅት ነው። ብርዱ ሲመጣ ከአዲሶቹ ንግሥቶች በቀር ሁሉም ይሞታል። በቀላል ሒሳብ እንየው። አሥር ሠራተኞች አሉ፤ እያንዳንዷ በሳምንት አንዲት አዲስ ተርብ የሚያሳድግ ምግብ ታመጣለች፤ ወቅቱ አሥር ሳምንት ነው እንበል። ከመጀመሪያው ሳምንት አንሥቶ ገቢውን እኩል ለሠራተኛና ለንግሥት የከፈለ ጎጆ በአሥረኛው ሳምንት መጨረሻ ከ570 የማይበልጡ ንግሥቶች ይኖሩታል። ዘጠኙን ሳምንት ሁሉንም ወደ ሠራተኛ መልሶ አፍስሶ በአሥረኛው ሳምንት ሁሉንም ወደ ንግሥት ያዞረው ግን 5,120 ንግሥቶች ያወጣል።

ልዩነቱ ዘጠኝ እጥፍ ነው። ጆርጅ ኦስተር ከባልደረባቸው ከማስቪች ጋር በ1976፣ ከዚያም ከዊልሰን ጋር በ1978 በሒሳብ ያሳዩት ይህንኑ ነበር። ቁጠባው ሙሉ በሙሉ፣ ክፍፍሉም ሙሉ በሙሉ፣ መሸጋገሪያውም አንድ ቀን!

ነገር ግን ብርዱ በአንድ ሳምንት ቢቀድምስ? እኩል ሲከፍል የኖረው ጎጆ እስከ ዘጠነኛው ሳምንት 374 ያህል ንግሥቶችን አውጥቷል። ሁሉንም ለመጨረሻዋ ሳምንት ያስቀመጠው ደግሞ አምስት ሺህ ሠራተኞች ይዞ፣ አንዲት ንግሥት ሳያወጣ ያልቃል። ዕቃውን አከማችቶ የበዓሉን ዋዜማ ሲጠብቅ ዋጋው የተሰበረበት ነጋዴ ይህን ስሌት ሳያስተምሩት ያውቀዋል። ለጨዋታ ሠሪውም ትልቁ ሀብት ይህቺ አንድ ቀን ናት፤ ልብ የምታንጠለጥል ናትና።

እዚህ ላይ ዝግመተ ለውጥን በጨዋታ ማሳየት የፈለጉ ሁሉ የተሰናከሉበት ድንጋይ አለ። በተለመደው ጨዋታ ተጫዋቹ አንድ እንስሳ ይይዛል፤ እንስሳው ይወልዳል፤ የተሻለው ልጅ ይቀጥላል። የጎጆ ሠራተኞች ግን ብዙውን ጊዜ አይወልዱም። የማትወልደው ሠራተኛ መንጋጋዋ ወይም ትጋቷ እንዴት ለትውልድ ተላለፈ? ቻርልስ ዳርዊን በ1859 መጽሐፋቸው ይህንን ለንድፈ ሐሳባቸው ልዩ ችግር አድርገው ቆጥረውት ነበር። መልሱን ያገኙት ከከብት አርቢ ነው። በሬው ታርዶ ሥጋው ጥሩ ሆኖ ከተገኘ አርቢው ወደዚያው በሬ ዘመዶች ተመልሶ ያረባል። ሰንጋ ራሱ አይወልድም፤ ዘሩን ያስቀጠለችው እናቱ ናት። ስለዚህ በጎጆ ጨዋታ ውስጥ የሚሻሻለው "ሰውነት" ቤተሰቡ ነው። ንግሥቲቱ በአንድ ሆድ ለቃሚም ተዋጊም ባለ ክንፍም ታወጣለች። ተጫዋቹ የሚነድፈው አንድ አካል ሳይሆን የሠራተኛ ድልድል ነው።

ሚስተር ራይት ራሳቸው በኋላ ወደ ዝግመተ ለውጥ ተመልሰው በ2005 ለባለሙያዎች ያሳዩትና በመስከረም 2008 ለገበያ የቀረበው ስፖር ይህንን ድንጋይ ዞሮ ያለፈ ጨዋታ ነው። ተጫዋቹ ከአንድ ሕዋስ ተነሥቶ እንስሳ፣ ጎሣ፣ ሥልጣኔ፣ በመጨረሻም ጠፈርተኛ ይሆናል። በእንስሳው ደረጃ የአንድ ዝርያ አባላት ሁሉ አንድ መልክ፣ አንድ አካል ናቸው። ንግሥትና ሠራተኛ ያለው ዝርያ ለመንደፍ ቦታ የለም። ባለቤቱ ኤሌክትሮኒክ አርትስ በሦስት ሳምንት ውስጥ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ቅጂ መሸጡን አስታውቋል። በሽያጭ ዓይን ሲታይ ጎጆውን መተው አላከሰረም ማለት ነው። ነገር ግን የዝግመተ ለውጥን ጥልቀት ጠብቀው የገዙ ብዙዎች ቅር እንዳላቸው መሸሸግ አይቻልም።

ከዚያ ወዲህ የመጡት መልሶች ሦስት ዓይነት ናቸው። የፈረንሳዩ አሳታሚ ማይክሮይድስ ከበርናር ቬርቤር የ1991 ልብ ወለድ ተነሥቶ በኅዳር 2024 ያወጣው ጨዋታ ተጫዋቹን ቁጥሯ 103,683 የሆነች አንዲት ጉንዳን ያደርገውና ሠራዊት ያሳዝዘዋል። ያምራል፤ ነገር ግን ጉንዳን የለበሰ ጄኔራል ነው። የቻይናው ስታርዩኒየን በ2021 ለሞባይል ስልክ ያወጣው የጉንዳን መንግሥት ደግሞ በነጻ ይሰጣል፤ ትርፉ የሚመጣው ጊዜ ማሳጠሪያና ብርቅዬ ጉንዳን ከመሸጥ ነው። በዚህ ጎጆ ጉንዳኗ የሱቅ ዕቃ ሆናለች። የትጋት ምሳሌ የምትባለዋ ፍጥረት ተራ አለመጠበቅን መሸጫ መሆኗ ትንሽ ያስቃል።

ሦስተኛው የእንግሊዙ አነስተኛ ኩባንያ የስላግ ዲስኮ "ኢምፓየርስ ኦቭ ዘ አንደርግሮዝ" ነው። ኩባንያው ያላለቀውን ጨዋታ በታኅሣሥ 2017 መሸጥ ጀምሮ በሰኔ 2024 አጠናቀቀው፤ እሸቱን እየሸጡ መኸሩን እንደ መጠበቅ ያለ ነው። ተጫዋቹ አንዲትን ጉንዳን ነጥሎ ማዘዝ አይችልም። የሽታ ምልክት ይተክላል፤ ለምልክቱ የተመደበው ቡድን ይከተላል። የዝግመተ ለውጡን ጉዳይ ደግሞ የሌሎችን ጉንዳኖች ዘር እየሰረቀ ችሎታቸውን የሚወርስ፣ በእውኑ ዓለም የሌለ ዝርያ በመፍጠር ተወጥቶታል። ሳይንሱ ላይ ግልጽ ማጭበርበር ነው፤ ተጫዋቹ በየምዕራፉ ያተረፈውን ይዞ እንዲሄድ ማድረጉ ግን ብልህ ንግድ ነው። ከሦስቱ ለእውነቱም ለገዢውም የቀረበው ይህ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የሚገርመው ግን የጉንዳኗ ትልቁ ገንዘብ የተሰበሰበው ጉንዳን በሌለበት ጨዋታ ነው። ኤሌክትሮኒክ አርትስ በ1997 ማክሲስን በ125 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አክሲዮን ገዛው። ሚስተር ራይት ከሲምአንት የወሰዱትን ትምህርት ይዘው በየካቲት 2000 ዘ ሲምስን አወጡ። ትምህርቱም ብልሃቱን በፍጥረቷ ጭንቅላት ውስጥ ከማስቀመጥ በአካባቢዋ ላይ መዝራት ይሻላል የሚል ነበር። በዚህ ጨዋታ ቤት ውስጥ ያለው ማቀዝቀዣ "ረሃብ አስታግሣለሁ"፣ አልጋው "ድካም አወጣለሁ" እያለ ልክ እንደ ሽታ ዱካ ያስተዋውቃል፤ ሰዎቹም እንደየፍላጎታቸው ይሳባሉ። ጨዋታው በ2002 ሚስትን አልፎ በኮምፒዩተር ጨዋታ ሽያጭ ታሪክ አንደኛ ሆነ። ገዢው ማዘዝ የማይችላቸውን ፍጥረታት ለማየት ገንዘብ አወጣ፤ ፍጥረታቱ ሰው መስለው ስለቀረቡለት ነው።

ፕሮፌሰር ጎርደን በ2013 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ያወጡት ጥናት ለጨዋታ ሠሪዎቹ ሌላ ራስ ምታት ጨምሯል። የአሪዞና ጉንዳን በፀሐይ ዘር ስትለቅም የሰውነቷን ውኃ ታጣለች፤ መልሳ የምታገኘውም ከዘሩ ነው። በደረቅ ቀን ለቃሚዎቻቸውን የቀነሱ ጎጆዎች ሁልጊዜ ከሚወጡት የበለጠ ልጅ ጎጆዎችን አፍርተው ተገኝተዋል። ይህንን በታማኝነት ወደ ጨዋታ የሚያስገባ ሠሪ "ዛሬ አትውጡ" የሚል ቁልፍ ማዘጋጀት፣ ገዢውንም ያንን ተጭኖ ባዶ ሜዳ እየተመለከተ እንዲደሰት ማድረግ ይኖርበታል።