አንድ ፀሐይ፣ ሁለት ውል፦ የግል ኃይል አምራቾች ከሪያድ እስከ ዲቼቶ

ሪያድ፦ በሰሜናዊ ሳዑዲ ዐረቢያ፣ በአልጀውፍ አውራጃ፣ ከሰካካ ከተማ አቅራቢያ 300 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የፀሐይ ኃይል ጣቢያ ይገኛል። ጨረታውን እ.ኤ.አ. በ2018 ያሸነፈው ዋና መሥሪያ ቤቱን በሪያድ ያደረገው አክዋ ፓወር ነው። ኩባንያው ኤሌክትሪኩን ለማቅረብ የተዋዋለው በኪሎ ዋት ሰዓት 2.34 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር። በቀጣዩ ዓመት ይኸው ኩባንያ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በኢትዮጵያ ሌላ ጨረታ አሸነፈ። በአፋር ክልል ዲቼቶ፣ በሶማሌ ክልል ደግሞ ጋድ በተባሉ ሥፍራዎች እያንዳንዳቸው 125 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ ሁለት የፀሐይ ጣቢያዎችን ሊገነባ፣ ኃይሉንም ለ20 ዓመት በ2.526 ሳንቲም ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ሊሸጥ ተስማማ። በሁለቱ ዋጋዎች መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ሳንቲም አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም።

ሰካካ ኃይል ማመንጨት ከጀመረ ዓመታት ተቆጥረዋል። ዲቼቶና ጋድ ግን ከፊርማ አልፈው ወደ ግንባታ አልተሸጋገሩም። ኩባንያው አንድ፣ ቴክኖሎጂው አንድ፣ ፀሐይዋም አንዲት ሆና ሳለ ውጤቱ ለምን ተለያየ?

መልሱን ለማግኘት የግል ኃይል አምራች የሚባለው ባለሀብት ሥራውን እንዴት እንደሚያካሂድ ማየት ያስፈልጋል። ባለሀብቱ ከራሱ ካዝና ጥቂቱን፣ ከባንኮች አብዛኛውን ገንዘብ አሰባስቦ ጣቢያውን ይገነባል። መንግሥታዊው የኤሌክትሪክ ድርጅት በበኩሉ የሚመነጨውን ኃይል ለ20 ወይም ለ25 ዓመት በተወሰነ ዋጋ እንደሚገዛ ይፈርማል። የማስተላለፊያ መስመሩና የቤት ቆጣሪው አብዛኛውን ጊዜ በመንግሥት እጅ ይቆያሉ። አበዳሪው ባንክ ገንዘቡን ከመልቀቁ በፊት አጥብቆ የሚመረምረው የፀሐይዋን ድምቀት ብቻ አይደለም፤ ገዢው ለ20 ዓመት መክፈል ይችል እንደሆነና የሚከፍለው ገንዘብ ብድሩ ወደተወሰደበት ምንዛሪ ይለወጥ እንደሆነም ይጠይቃል።

በሳዑዲ ዐረቢያ ለእነዚህ ጥያቄዎች የተዘጋጀ መልስ አለ። ኃይሉን የሚገዛው የሳዑዲ ኃይል ግዥ ኩባንያ ከጀርባው መንግሥት አለው። ሪያልም ከ1986 ጀምሮ በ3.75 ለአንድ ዶላር ተቆራኝቶ ኖሯል። በሪያድ አውራጃ የተገነባው 1,500 ሜጋ ዋት የሱደይር ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ2021 እስከ 1.239 ሳንቲም በወረደ ዋጋ መዋዋል የቻለው የበረሃው ፀሐይ ስለበረታ ብቻ አይደለም። አበዳሪው ስጋት ባነሰው ቁጥር ወለዱን ዝቅ ስለሚያደርግ፣ የተረጋጋ ገንዘብ ራሱ ኤሌክትሪክን ያረክሳል።

የኢትዮጵያ ሁኔታ ከዚህ ይለያል፤ ልዩነቱንም በዚህ ከተማ ሠርቶ ለቤተሰቡ ገንዘብ የሚልክ ወገናችን ከማንም በላይ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ አንድ ዶላር በ30 ብር ገደማ፣ አንድ ሪያልም በ8 ብር ገደማ ይመነዘር ነበር። በዚያ ምንዛሪ 2.526 ሳንቲም 75 የኢትዮጵያ ሳንቲም ያህል ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን እ.ኤ.አ. በሐምሌ ወር 2024 ካሳወቀ በኋላ ዶላር ከ100 ብር በላይ ሆነ። ያው ያልተለወጠ የውል ዋጋ በብር ሲሰላ ከ2.50 በላይ ይመጣል። ለላኪው ደስ የሚያሰኘው የምንዛሪ ለውጥ፣ ኃይሉን በዶላር ተዋውሎ በብር ለሚቸረችረው ድርጅት ከባድ ሸክም ነው።

የዲቼቶና የጋድ ውልም የተሰናከለው በዚሁ ነጥብ ላይ እንደነበር በወቅቱ ተዘግቧል። ባለሀብቱ ብሩን ወደ ዶላር ለውጦ ማውጣት እንደሚችል ዋስትና ሲፈልግ፣ አገሪቱ ደግሞ ለመድኃኒትና ለነዳጅ መግዣ የሚሆን ዶላር እንኳ ያጠራት ነበር። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች የየራሳቸው እውነት ነበራቸው። የተጎዳው ግን በድርድሩ ጠረጴዛ ዙሪያ ያልነበረው ነው። በኢትዮጵያ ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ ዛሬም ኤሌክትሪክ አያገኝም። የአፋርና የሶማሌ ክልሎች ቆላ ደግሞ ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያም በየመን በኩል ወደዚህ አገር የሚያመራው የስደት ጎዳና የሚያልፍበት ምድር ነው። ኃይል በሌለበት ወፍጮም፣ ብየዳ ቤትም፣ የውኃ ፓምፕም የለም፤ ወጣቱን በቀዬው የሚያቆይ ሥራም ይመነምናል።

ዋስትናን በልግስና መስጠትም ቢሆን የራሱ መዘዝ እንዳለው የፓኪስታን ታሪክ ያሳያል። ፓኪስታን እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣችው ፖሊሲ ለግል አምራቾች በሯን በሰፊው ከፈተች። ለዚህ መንገድ ጠራጊ የነበረው 1,292 ሜጋ ዋት የሀብ ጣቢያ ሲሆን፣ ከጠንሳሾቹ አንዱ የጅዳው ዜኔል ኩባንያ ነበር። ጣቢያዎቹ በእርግጥ ተገነቡ፤ መብራትም ሰጡ። ነገር ግን በውሉ መሠረት መንግሥት የሚከፍለው ለተጠቀመበት ኃይል ብቻ ሳይሆን ለማመንጨት ዝግጁ ሆኖ ለተቀመጠው አቅም ጭምር ነበር። ፍላጎት ሲቀንስና ሩፒ ሲወድቅ ያልበራ መብራት ሒሳብ በደንበኛው ቆጣሪ ላይ ተጫነ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት ወር 2024 መንግሥት ሀብን ጨምሮ ከአምስት አምራቾች ጋር የነበረውን ውል ከጊዜው በፊት ለማቋረጥ መስማማቱን አስታወቀ። አብዛኞቻችን በሪያድ የፓኪስታን ተወላጅ የሥራ ባልደረባ አለን፤ የኤሌክትሪክ ክፍያ ነገር ሲነሳ ለምን እንደሚያማርር መጠየቅ ነው።

የሞሮኮ ተሞክሮ ከሁለቱም የተለየ ነው። አክዋ ፓወር በዋርዛዛት አቅራቢያ የገነባቸው የኑር ጣቢያዎች በአጠቃላይ 580 ሜጋ ዋት ያመነጫሉ። የመጀመሪያው የተመረቀው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። መሴን የተባለው የሞሮኮ መንግሥታዊ ድርጅት ኃይሉን ከአምራቹ በውድ ገዝቶ ለብሔራዊው የኤሌክትሪክ መሥሪያ ቤት በርካሽ ስለሚሸጥ ልዩነቱን የሚሸፍነው የሕዝብ ገንዘብ ነው። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2024 የኑር ሦስት ጣቢያ የቀለጠ ጨው ማጠራቀሚያ አፍስሶ ጣቢያው ለወራት ሲቆም፣ ወደ 47 ሚሊዮን ዶላር የተገመተው ኪሳራ የወደቀው በኩባንያው ላይ ነበር። ጣቢያው የመንግሥት ብቻ ቢሆን ኖሮ ያንን ዕዳ ግብር ከፋዩ ይሸከመው ነበር። የግል አምራች ትልቁ ጥቅም፣ በእኛ ዘንድ ብዙም የማይነገርለት፣ ይህ ነው፤ መሣሪያው ሲሰበር የሚያዝነው ባለቤቱ ነው።

ኢትዮጵያ እስካሁን ትልልቆቹን ጣቢያዎቿን የገነባችው በሌላ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ተጀምሮ በመስከረም 2025 የተመረቀው 5,150 ሜጋ ዋት ታላቁ የኅዳሴ ግድብ የግል ባለሀብት የለውም። ወጪውን የሸፈኑት መንግሥትና ሕዝብ ሲሆኑ፣ በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም ቦንድ በመግዛት ተሳትፈዋል። ነገር ግን ግድቡን የሚያህል ሸክም ደጋግሞ በሕዝብ ትከሻ ላይ መጫን አይቻልም፤ ኃይሉን በውኃ ላይ ብቻ መመሥረትም ለድርቅ ያጋልጣል። የመንግሥትና የግል አጋርነት አዋጅ ቁጥር 1076/2010 የወጣውም በዚህ ምክንያት ነው። በአርሲ የቱሉ ሞዬ የእንፋሎት ኃይል እ.ኤ.አ. በ2017 ውል ቢፈረምለትም ጉዞው አዝግሟል። በሶማሌ ክልል አይሻ ደግሞ የኤምሬትሱ ኤሚያ ፓወር 300 ሜጋ ዋት የነፋስ ኃይል ለማልማት ተስማምቷል።

የዶላሩ ጥያቄ አሁንም አልተፈታም፤ መልኩ ግን እየተለወጠ ነው። ኢትዮጵያ ለጅቡቲ፣ ለሱዳንና ለኬንያ ኤሌክትሪክ ትሸጣለች። ከኅዳሴው ግድብ የሚላከው ኃይል በውጭ ምንዛሪ የሚከፈል ከሆነ፣ ያ ገቢ ለግል አምራቾች ክፍያ መያዣ ሊሆን ይችላል። በአገር ውስጥም የኤሌክትሪክ ታሪፍ ከመስከረም 2024 ጀምሮ ለአራት ዓመት በየሩብ ዓመቱ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ተወስኗል። ጭማሪው የኤሌክትሪክ ድርጅቶቹን የመክፈል አቅም ስለሚያጠናክር ባለሀብቶች የሚወዱት ነው። በአገር ቤት ያለችው እናት ግን ከሪያድ የሚላክላትን ገንዘብ ስትመድብ ከዘይቱና ከጤፉ ጎን የመብራቱንም ሒሳብ ከፍ አድርጋ መያዝ ይኖርባታል።