ስንዴና ጨዋማ አፈር፦ ታጋሹን ዝርያ በምን እንለያለን?

በአፋር ክልል በአሚባራ ወረዳ፣ በመካከለኛው አዋሽ፣ ለዓመታት በመስኖ ጥጥ ከተመረተባቸው ማሳዎች ከፊሎቹ በጨው ምክንያት ከእርሻ ውጪ ሆነዋል። በቂ ማጠንፈፊያ ቦይ በሌለበት የሚለቀቅ መስኖ የከርሰ ምድሩን ውኃ ወደ ላይ ያነሣዋል፤ ውኃው ሲተን ጨዉ በአፈሩ ገጽ ይቀራል። በዚሁ አካባቢ ስንዴም በመስኖ መዝራት ስለተጀመረ፣ የትኛው ዝርያ ጨውን ይታገሣል የሚለው ጥያቄ የእንጀራ ጥያቄ ሆኗል።

ጨዋማነትን በዓይን መገመት አያስተማምንም። ስለዚህ የአፈሩ ናሙና በተጣራ ውኃ እስኪጠግብ ከተለወሰ በኋላ፣ ከልውሱ የሚወጣው ፈሳሽ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ይለካል። ኤሌክትሪኩን የሚሸከሙት የጨው አዮኖች ናቸውና። መለኪያው ዲሲሲመንስ በሜትር ሲሆን፣ ከ4 በላይ የሆነ አፈር ጨዋማ ይባላል። ማስና ሆፍማን በ1977 እ.ኤ.አ. ባወጡት ስሌት መሠረት ስንዴ እስከ 6 ድረስ ምርቱ አይቀንስም፤ ከዚያ በላይ ግን ለእያንዳንዱ ተጨማሪ 1 ዲሲሲመንስ 7 በመቶ ያህል ያጣል። ገብስ እስከ 8 ድረስ ይዘልቃል።

ጨው ስንዴን የሚጎዳው በሁለት መንገድ ነው። የመጀመሪያው ለእኛ ለፊዚክስ ሰዎች ቅርብ ነው። በ10 ዲሲሲመንስ የአፈሩ ውኃ ኦስሞቲክ ግፊት 3.6 አትሞስፌር ገደማ ይሆናል፤ ይህም 36 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የውኃ ዓምድ ከሚያሳድረው ግፊት ጋር ይስተካከላል። ተክሉ እርጥብ አፈር ላይ ቆሞ ይጠማል። ሁለተኛው ጉዳት ዘግይቶ ይመጣል፤ ሶዲየም በቅጠሎች ውስጥ ከሳምንት ሳምንት እየተጠራቀመ በቅድሚያ አሮጌዎቹን ያደርቃል። እንግዲህ በቤተ ሙከራ ሣሕን ላይ ዘር ለጥቂት ቀናት አብቅሎ "ይህ ታጋሽ ነው" ማለት የመጀመሪያውን ጉዳት ብቻ አይቶ መፍረድ ነው። የማሳ ሙከራም ቢሆን የራሱ ወጥመድ አለው። ጨው በአንድ ማሳ ውስጥ እንኳ እኩል ስለማይሰራጭ፣ ደካማ ዝርያ ደህና ቦታ ስለደረሰው ብቻ ጎበዝ መስሎ ሊታይ ይችላል። በእኛ አስተያየት ድግግሞሽ የሌለውና የየመደቡ ጨዋማነት ያልተለካበት ሙከራ ብዙም አይጠቅምም።

ሌላም ጥያቄ አለ፦ ታጋሽ ስንል ምን ማለታችን ነው? በደህና መሬት በሄክታር 50 ኩንታል የሚሰጥ ዝርያ በጨዋማ መሬት 25 ቢሰጥ፣ ሌላው ደግሞ ከ24 ወደ 18 ቢወርድ፣ በመቶኛ የሚበልጠው ሁለተኛው ነው። ገበሬው ግን የመጀመሪያውን ይመርጣል። በሕንድ ካርቺያ 65 የተባለው ዝርያ በታጋሽነቱ የታወቀ ቢሆንም ምርቱ አነስተኛ ነበር። ስለዚህ የካርናል ተመራማሪዎች ከምርታማ ዝርያ ጋር አዳቅለው ኬአርኤል 1-4ን አወጡ።

አገራችን የብዝኃነት ማዕከሉ የሆነችለት የማካሮኒ ስንዴ በሶዲየም ረገድ ከዳቦ ስንዴ ይደክማል። የዳቦ ስንዴ ሶዲየምን ወደ ቅጠል ከሚወጣው ውኃ ላይ ነጥቆ በሥሩ የሚያስቀር ዘረመል አለው። የአውስትራሊያ ሳይንቲስቶች ተመሳሳይ ዘረመል ከጥንታዊ የስንዴ ዘመድ በማዳቀል ወደ ማካሮኒ ስንዴ አስገቡ። በ2012 እ.ኤ.አ. ይፋ ባደረጉት ውጤት፣ በጨዋማ ማሳ ላይ ዘረመሉ ያለው ስንዴ ከሌለው እስከ 25 በመቶ የበለጠ ምርት ሰጥቷል፤ በደህና መሬትም ምርቱ አልቀነሰም።

ይህ ሁሉ ግን ጨዉን ከመሬቱ አያወጣም። በማስና ሆፍማን ስሌት 13 ዲሲሲመንስ ላይ የስንዴ ምርት በግማሽ ይቀንሳል፤ ከዚያ ባለፈ ማሳ ላይ ዝርያ ከመምረጥ በፊት ማጠንፈፊያ ቦይ ቆፍሮ ጨዉን በውኃ ማጠብ ይቀድማል።