ሲበላ ያላዩትን ቢራቢሮ ዓሣ አይግዙ

ጂዳ፣ ቤቴ ባለው የጨው ውኃ አኳሪየም ውስጥ ሁለት ቢጫ ቢራቢሮ ዓሦች አሉኝ። የቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ ተወላጆች ናቸው፤ ሲያድጉ እስከ 23 ሴንቲ ሜትር ይደርሳሉ። እንግዳ ሁሉ «የት ይገዛል?» ይለኛል። እኔ ግን አስቀድሜ ስለ ምግባቸው እነግረዋለሁ።

የቢራቢሮ ዓሣ ፈተናው ሆዱ ነው። ጥቁር ጅራት ያለው የቀይ ባሕር ዘመዳቸው የሚኖረው ሕይወት ያለው ኮራል እየለቀመ ነው፤ ቤት ሲገባ ሌላ ምግብ አልነካም ብሎ አብዛኛውን ጊዜ በረኃብ ይሞታል። እሱን ባሕሩ ውስጥ መተው ይሻላል። ቢጫዎቹ ግን የተከተፈ ሽሪምፕ ይለምዳሉ።

ስለዚህ ሻጩን «እስቲ እያየሁ መግበው» ይበሉት። ዓሣው በሹል አፉ ለቅሞ ከዋጠ ጥሩ ነው። ቀምሶ ከተፋው ወይም ጀርባው ከሳሳ ይለፉት። የገዙትንም ለጥቂት ሳምንታት ለብቻው ያቆዩት፤ ነጭ ነጠብጣብ የሚያወጣው ጥገኛ ተውሳክ ሌሎቹንም ዓሦች ሊጨርስ ይችላል። ገንዳው ሰፊ፣ የውኃው ሙቀትም ከ25 እስከ 27 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሁን። ኮራል የሚያሳድግ ሰው ደግሞ ያስብበት፤ ኮራሉን ይለቅሙበታል።

ለቤት ጌጥ ተብሎ ዓሣ መራብ የለበትም። መመገብ የሚችል ብቻ ይግዛ።