«ቁጭ አለ»ን የሚያውቅ ተማሪ

ሚዛን ተፈሪ ወይም ቴፒ ያለ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ «ቶለሬት» ማለት መታገሥ እንደሆነ ቶሎ ሊመልስ ይችላል። «ፑት አፕ ዊዝ» ሲባል ግን ይቆማል። ሦስቱን ቃላት ለየብቻቸው ያውቃቸዋል፤ አንድ ላይ ሲመጡ ትርጉማቸው ያው መታገሥ መሆኑን ግን የነገረው የለም። እሳት ማጥፋትን «ኤክስቲንጉዊሽ» ብሎ ይጽፋል፣ «ፑት አውት» ግን ለጆሮው እንግዳ ነው። ይህ የስንፍና ጉዳይ አይደለም። እንግሊዝኛን በብዛት ያገኘው ከባዮሎጂና ከጂኦግራፊ መጽሐፍ ነው፤ እነዚያ መጻሕፍት ደግሞ ከላቲን በተወረሱ ረጃጅም ቃላት የተሞሉ ናቸው። ቋንቋው አፍ መፍቻቸው የሆነ ሰዎች ቤት ውስጥና ገበያ ላይ የሚነጋገሩት ግን «ጌት»፣ «ቴክ»፣ «ፑት»፣ «ጎ» በመሳሰሉ አጫጭር ግሶችና እነሱን ተከትለው በሚመጡ ታናናሽ ቃላት ነው። ሐረጋዊ ግስ የሚባለው ይህ ጥምረት ነው።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1985 ዳጉትና ላውፈር የተባሉ ተመራማሪዎች ዕብራይስጥ ተናጋሪ የሆኑ የእንግሊዝኛ ተማሪዎችን ፈትነው ነበር። ተማሪዎቹ ምርጫ ሲሰጣቸው ሐረጋዊውን ግስ እየሸሹ አንድ ቃል ወደሆነው አቻው አዘነበሉ። ተመራማሪዎቹ ለዚህ የሰጡት ምክንያት ዕብራይስጥ እንዲህ ያለ ግስ የሌለው መሆኑን ነው። ዕብራይስጥ ደግሞ የአማርኛ የሥጋ ዘመድ ነው፤ ሁለቱም ሴማዊ ናቸው። ታዲያ የእኛም ልጅ መሸሹ የማይቀር ነው?

እኔ አይመስለኝም። አማርኛ ከዕብራይስጥ የሚለይበት አንድ ትልቅ ነገር አለው። ዝም አለ፣ ቁጭ አለ፣ ብድግ አለ፣ ጎንበስ አለ፣ ቀና አለ፣ ዞር አለ፣ ፈቀቅ አለ፤ እነዚህ ሁሉ ሁለት ቃላት ተጣምረው እንደ አንድ ግስ የሚሠሩባቸው ናቸው። ኦሮምኛም ዝም ማለትን «ጨል ጄዹ» ሲል የሚጠቀመው ይህንኑ «ማለት» የሚለውን ግስ ነው። ቻርልስ ፈርጉሰን የተባለው የቋንቋ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተመው ጥናቱ ኢትዮጵያን እንደ አንድ የቋንቋ አካባቢ ሲገልጽ፣ በ«አለ» የሚመሠረት ጥምር ግስን ዝምድና የሌላቸው ቋንቋዎች ጭምር ከሚጋሯቸው ባሕርያት መካከል ቆጥሮታል። ተማሪያችን ክፍል የሚገባው ጥምር ግስን ገና ከእናቱ ጀርባ ሳይወርድ ለምዶ ነው።

መመሳሰሉ ከላይ ከላይ ብቻ አይደለም። «ራዲዮውን ዝቅ አድርገው» ስንል «ው» የሚጣበቀው «አድርግ» ላይ ነው፤ «ዝቅ» አይነካም። እንግሊዝኛውም «ተርን ኢት ዳውን» ይላል፤ ተውላጠ ስሙ ግሱን ይጠጋል፣ «ዳውን» ለብቻው ይቀራል። «ተርን ዳውን ኢት» ስሕተት ነው። ይህን ደንብ ለብቻው ከማስጠናት ይልቅ የአማርኛውን ዓረፍተ ነገር ጎን ለጎን ጽፎ ማሳየት ይበልጥ የሚሠራ ይመስለኛል።

ከዚህም የረቀቀ አለ። «ደረቅ አለ» እና «ድርቅ አለ» አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ጥቂት መድረቅን፣ ሁለተኛው ፈጽሞ መድረቅን ይናገራል፤ ሰበር አለና ስብር አለም እንዲሁ። የሰዋስው ሰዎች አንዱን ማለዘቢያ፣ ሌላውን ማጠንከሪያ ቅርጽ አድርገው ይለዩዋቸዋል። እንግሊዝኛ ይህን የማጠንከር ሥራ ብዙ ጊዜ ለ«አፕ» ይሰጠዋል። «ድራይ» መድረቅ ነው፣ «ድራይ አፕ» ድርቅ ማለት። «ድሪንክ» መጠጣት ነው፣ «ድሪንክ አፕ» ጭልጥ ማድረግ። «ክሊን አፕ» ጥርግ ማድረግ ነው። «አፕ» ማለት «ወደ ላይ» ነው ተብሎ ብቻ የተነገረው ልጅ ቡናውን ወደ ላይ ይጠጣዋል ወይ ብሎ ቢደነቅ አልፈርድበትም።

«አውት»ን የቡና ሥራ ራሱ ያስተምረዋል። የታጠበው ቡና አልጋ ላይ ሲሰጣ «ስፕሬድ አውት»፣ የተበላሸው ፍሬ ሲለቀም «ፒክ አውት»፣ ከጀበና ወደ ሲኒ ሲቀዳ «ፑር አውት» ይባላል፤ በሁሉም ውስጥ ከአንድ ቦታ መውጣት አለ። ከዚህ ቀጥሎ ስኳሩ አለቀ ማለት «ራን አውት»፣ ነገሩን ደረሰበት ማለት «ፋይንድ አውት» ይሆናል። በአማርኛም ምሥጢር ስለሚወጣ መሻገሪያው ሩቅ አይደለም። ፍራንክ ቦርስ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው ጥናት ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ተማሪዎች እንዲህ በታናሿ ቃል ትርጉም የተመደቡ ሐረጋዊ ግሶችን በተራ ዝርዝር ከቀረቡት ይልቅ በተሻለ አስታውሰዋል።

ብዛታቸውም የሚያስፈራ አይደለም። ጋርድነርና ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ2007 በትልቁ የብሪታንያ የጽሑፍና የንግግር ክምችት ላይ ባደረጉት ቆጠራ፣ 20 ግሶች ከ8 ታናናሽ ቃላት ጋር ተጣምረው በክምችቱ ካለው የሐረጋዊ ግስ አጠቃቀም ግማሽ ያህሉን ይሸፍናሉ። የሚያስቸግረው የትርጉማቸው ብዛት ነው፤ «ቴክ ኦፍ» ልብስ ማውለቅም፣ የአውሮፕላን መነሣትም ነው። ጋርኒየርና ሽሚት ለዚህ መልስ ይሆን ዘንድ እ.ኤ.አ. በ2015 የ150 ሐረጋዊ ግሶችን ዝርዝር ሲያወጡ ለእያንዳንዱ በብዛት የሚያገለግሉትን ትርጉሞች ብቻ መርጠዋል፤ በጠቅላላው 288 ትርጉም ነው። የሁለተኛ ደረጃ መምህር በሁለት ዓመት ሊያዳርሰው የሚችል ሥራ ነው።

በፍቺ የማይደረስባቸውም አሉ። «ጊቭ አፕ» ለምን ተስፋ መቁረጥ እንደሆነ ከቃላቱ አይወጣም። ግን ተስፋስ በምን ይቆረጣል? እንዲህ ያሉትን እንደ አንድ ሙሉ ቃል መያዝ ነው፤ አንድ ቀን ሃምሳ ጊዜ ከመድገም ደግሞ ዛሬ፣ ከሦስት ቀን በኋላና በሳምንቱ መጽሐፉን ዘግቶ ለማስታወስ መሞከር ይበልጣል።

ቅጽሎችም ላይ አማርኛ ይረዳል፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ ያሰናክላል። «አይ አም ቦሪንግ» ያለ ተማሪ ሰለቸኝ ማለቱ ነበር፣ የወጣው ግን አሰልቺ ነኝ የሚል ነው። መፍትሔው አፉ ላይ ነው፦ አሰልቺ፣ አድካሚ፣ አስፈሪ፣ አስደሳች። በ«አ» ወይም በ«አስ» የጀመረው፣ ስሜቱን የሚፈጥረው ነገር፣ በእንግሊዝኛ ብዙ ጊዜ በ«ኢንግ» ይጨርሳል። የሰለቸው፣ የደከመው፣ የፈራው ሰው ደግሞ «ቦርድ»፣ «ታይርድ»፣ «ስኬርድ» ነው። የሚያሰናክለው ሌላ ቦታ ነው። እኛ ወፍራም ቡና፣ ቀጭን ሻይ እንላለን፤ እንግሊዝኛ ቡናውን «ስትሮንግ»፣ ሻዩን «ዊክ» ይላል። ቅጽልን ከስሙ ነጥሎ ማጥናት የማያዋጣው ለዚህ ነው።

ለዚህ አገር ደግሞ ቅጽል ገንዘብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከደቡብ ምዕራቡ ጫካ ተወስዶ በኋላ ፓናማ የደረሰው የጌሻ ቡና፣ እ.ኤ.አ. በ2004 የፓናማን ውድድር ሲያሸንፍ ቀማሾች አበባ አበባ ይሸታል እያሉ ነበር ያወደሱት። የዓለም የቡና ምርምር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው የጣዕም መዝገበ ቃላት 110 መግለጫዎች አሉት። በቀማሾች አፍ «ብራይት» ብሩህ መብራት ሳይሆን ደስ የሚል ሕያው ኮምጣጣነት ነው፤ «ሳወር» ግን ነቀፋ ነው። ኮምጣጣ የሚል አንድ ቃል ብቻ ይዞ ገዢ ፊት የቀረበ ሻጭ ያመረተውን ቡና ሳያውቀው ሊያራክስ ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምር። በሐረጋዊ ግስ ድምፅ የሚጠነክረው ብዙውን ጊዜ በታናሿ ቃል ላይ ነው። «ቴክ ኦፍ» ግስ ሲሆን «ኦፍ» ይጎላል፤ ስም ሆኖ መነሣት የሚለውን ሲያመለክት ደግሞ «ቴክ» ይጎላል። በሚዛን ዙሪያ የሚነገረው ቤንችኛ አምስት የድምፅ ከፍታ ደረጃዎችና አንድ ወደ ላይ የሚወጣ ድምፅ ያለው፣ በከፍታ ብቻ ቃልን ከቃል የሚለይ ቋንቋ ነው። የእንግሊዝኛ አጽንዖትና የቤንችኛ ከፍታ አንድ ዓይነት ነገር አይደሉም። ሆኖም ቤንችኛ እየሰማ ያደገ ልጅ የድምፅን መውጣትና መውረድ ማዳመጥን ከሕፃንነቱ ይዞታል፤ ስለዚህ በአካባቢው ትምህርት ቤቶች ሐረጋዊ ግስ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ከመጻፉ በፊት በመምህሩ አፍ፣ ደጋግሞ፣ «ኦፍ»ን አጉልቶ ቢሰማ እመርጣለሁ።