ስፌት ከእምብርቱ ይጀመራል

ለእጅ ሥራ ትምህርት ሰፌድ አምጡ ስንባል ብዙዎቻችን ያማረውን ይዘን ብቅ እንላለን። «ማን ጀመረው?» ሲባል ግን ዝም! እናት ወይም እህት ጀምራ ሰጥታናለች። የስፌት ጭንቁ ደግሞ መጀመሪያው ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጥቂት ስንደዶ ይታሰርና በራሱ ላይ ይጠመዘዛል፤ እምብርቱ ይህ ነው። ከዚያ ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ የለሰለሰ አክርማ እየተጠቀለለበት፣ የቀደመው ዙር በወስፌ እየተወጋ ይያያዛል። አክርማ ሲጠፋ በቀጭኑ የተቀደደ አሮጌ ፌስታል ለልምምድ ይበቃል፤ መዘፍዘፍም አያሻውም።

አዲሱ ዙር ከጎን ሲሰፋ ሰፌድ ይሆናል፤ ከላይ ሲደረብ ግድግዳ ያወጣል። የጥቅሉ ውፍረት 1 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ የሰፌዱ እያንዳንዱ ዙር ካለፈው በ6 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ይህን ያህል ካልረዘመ፣ ማለት አጥብቀን ከሳብነው፣ ሰፌዱ እንደ ሳህን ይጎደጉዳል። እነሆ የሒሳብ ትምህርት!

ነገ ገጠር ስንመደብ እምብርቱን ለተማሪ ጀምረን አንስጠው። ራሱ ይጀምር፣ ያበላሽ፣ ይፍታ፣ እንደገና ይጀምር። ግን እኛ ያልጀመርነውን ተማሪውን ጀምር ልንለው ነው? እንግዲህ ወንዶችም ጭምር ወስፌ እናንሣ!