ፊቷን እያት

ጠዋት ገብቼ መጀመሪያ የምሠራው ዓሣ መለየት ነው። ሆዱ የፈረሰውን እጥላለሁ፤ በጤነኛው ስንጥብ ውስጥ የቫይታሚን ቢ1 ክኒን እሸጉጣለሁ፤ በረዶ ውስጥ የቆየ ዓሣ ይህን ቫይታሚን ያጣልና። ከዚያ በራሱ በኩል አጎርሳቸዋለሁ። በጭራው በኩል ከገባ ቅርፊቱ ጉሮሮ ይቧጥጣል። አሜሪካ ባለ አንድ የእንስሳት ማቆያ ፔንግዊኖችን እንከባከባለሁ፤ እያንዳንዷን ወፍ በደንብ የማውቃት በዚህች የጉርሻ ሰዓት ነው፤ መንቁሯ ከእጄ አንድ ስንዝር ሲርቅ።

ፔንግዊን ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው በረዶ ነው። የእኔዎቹ ግን አፍሪካዊ ፔንግዊን ይባላሉ፤ ዘራቸው ከደቡብ አፍሪካና ከናሚቢያ ጠረፍ ነው። ሦስት የቅርብ ዘመዶች አሏቸው፦ የፔሩና የቺሊው ሁምቦልት፣ የደቡብ አሜሪካ ጫፉ ማጀላን፣ የምድር ወገቡ ጋላፓጎስ። ፀሐያማ አገር ውስጥ የሚያኖራቸው በአጠገባቸው የሚያልፈው ቀዝቃዛ የባሕር ውሃ ነው፤ ዓሣው የሚበዛው እሱ ባለበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 እና 1983 ኤልኒኞ ባሕሩን ሲያሞቀው ከጋላፓጎሶቹ ከሦስት አራተኛ በላይ አልቀዋል።

አራቱም ሲጮሁ እንደ አህያ ያናፋሉ። ልጅ ሆኜ ወፍጮ ቤት ደጃፍ የሰማሁትን ድምፅ እዚህ አገር ከወፍ ጉሮሮ ስሰማው ደንግጬ ቆሜ ነበር። ስለዚህ ጀማሪ በድምፅ አይለያቸውም። ለጎብኚ የሚነገረው ሌላ ነው፦ ደረቱ ላይ አንድ ጥቁር መቀነት ካለ አፍሪካዊ ወይም ሁምቦልት፣ ሁለት ከሆነ ማጀላን። እኔም እንዲያ ነበር የማስረዳው።

አንድ ቀን ከሌላ ቦታ አንዲት ወፍ መጣችልን። ከአንገቷ ሥር ሁለተኛ ጥቁር መስመር አየሁና፣ አብሯት የመጣው ወረቀት ተሳስቷል ብዬ መዝገቡ ላይ «ማጀላን» ብዬ ጻፍኩ። በሥራው የቆየ ባልደረባዬ አነበበና «ፊቷን እያት» አለኝ። ከዓይኗ በላይ ሮዝ ቆዳ አለ፤ የመንቁሯ ሥር ግን ጥቁር ነው። የማጀላን የላይኛው መቀነት ጉሮሮውን ሰፋ አድርጎ የሚያስር ነው፤ የእሷ ግን ክር ያህል ነበር። አፍሪካዊ ናት። ከእነሱ መካከል እንዲህ ያለ ትርፍ መስመር ያላቸው አሉ።

ያን ቀን ያመመኝ ስህተቱ ብቻ አይደለም። ማን ከማን እንደሚጣመር የሚወሰነው በዚያ መዝገብ ነው። እነዚህ ወፎች በአንድ ግቢ ከኖሩ እርስ በርስ ይዳቀላሉ፤ የሚወለደው ጫጩት ከሁለቱም ወገን አይቆጠርም። አፍሪካዊው ፔንግዊን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2024 በከፋ የመጥፋት አደጋ ላይ ካሉት ተርታ ተመድቧል፤ በዱር የቀሩት ጥንዶች ከ10,000 በታች ናቸው። አንዲት ጎጆ በከንቱ ስትባክን ዝም ብሎ ማየት ይከብደኛል።

ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ ፊት አያለሁ፤ መቀነቱን የማየው መጨረሻ ላይ ነው። ሁምቦልት የመንቁሩ ሥር ዙሪያ ወፈር ያለ ሮዝ ሥጋ አለው። ይህ ላባ የሌለው ቆዳ ሙቀት ማውጫቸው ነው፤ ቀትር ላይ የእኔዎቹ ከዓይናቸው በላይ ያለው ቆዳ በደም ሲሞላና ሲቀላ ካየሁ ጥላውን አሰፋለሁ፣ ውሃ እረጫለሁ። ቀዝቀዝ ያለ አገር ያለው ማጀላን ፊቱን የበለጠ ላባ ይሸፍነዋል። ትንሹ ጋላፓጎስ ደግሞ ፀሐይ ሲበረታ ጎንበስ ብሎ በክንፎቹ እግሮቹን ያጠላል።

ጫጩት ሲሆኑ ግን ይህ ሁሉ ምልክት የለም። ግራጫ ናቸው፣ መቀነትም የላቸውም፤ እስከዚያው የማምነው ክንፋቸው ላይ ያሰርኩትን ቀለበት ነው። አምና የተፈለፈለችው አንዷ ሰሞኑን ላባ እየቀየረች ነው። ውሃ አትገባም፤ ጥግ ቆማ ግራጫውን ታራግፋለች። ትናንት ከግራ ጎኗ ጥቁሩ መቀነት ብቅ ብሏል፤ ከሥሩ ሰባት ጥቁር ነጥቦች ቆጠርኩ። እነዚህ ነጥቦች እድሜ ልካቸውን አይለወጡም። ፎቶ አነሳኋትና መዝገቡ ውስጥ ባለው ገጿ ላይ ለጠፍኩት።